ከኪሱ ያላወጣው እጅ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ኮሌጅ ስንማር ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። በአንዱ እኔና ጓደኛዬ፣ በሌላው እህቴ ከአንዲት የክፍሏ ልጅ ጋር። ጓደኛዬ የስማዳ ሰው ነው። ሽሮ የሚሠራው እሱ ነበር፤ የእኔማ ሁሌ ያርራል። ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት የምንሄደው አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበን፣ ትንሿን ጣት ቆላልፈን ነበር። አገሬው ሁሉ እንደዚያው ነው የሚሄደው፣ ሽማግሌውም ካህኑም። ያ መንገድ እስካሁን ይናፍቀኛል።

አንድ ሰሞን ከስልክ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ የክፍላችን ልጆች «ሴታሴት ነው፣ ወጥ ይሠራል» ማለት ጀመሩ። ቆይተው «ሰዶማዊ ነው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ አብረኸው አይደል የምታድረው?» እህቴ ከጓደኛዋ ጋር በአንድ አልጋ ትተኛለች፣ ተቃቅፈው ገበያ ይወጣሉ፤ በእነሱ ላይ ማንም ትንፍሽ አላለ። ጓደኛዬን ነህ አይደለህም ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ምን አገባኝ?

እሱ ግን አንድ ነገር ለመነኝ። «አንተ እንደ ድሮው አብረኸኝ ከሄድክ ወሬው ይሞታል። ከሸሸኸኝ እውነት ነው ይላሉ፤ ያኔ እዚህ መማር አልችልም።»

እሺ አልኩት። ቅዳሜ ጋቢውን ሲዘረጋልኝ ግን «አንተ ልበሰው፣ እኔ ሞቆኛል» አልኩ። ያን ጠዋት ሜዳው ውርጭ ነበር። ጋቢውን ብቻውን ደርቦ ቀደመኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ወገዳ ሊሄድ ተነሣ። እህቴ የጆንያውን አንድ ጫፍ ይዛ ሸኘችው። የጎረቤት ሴቶች «ባልሽን ልትሸኚ ነው?» ብለው ሲስቁ «አዎ፣ ቀናችሁ?» አለቻቸው። ለእሷ ቀልድ ነበር። እኔ ፈሪው፣ ስም ይወጣልኛል ብዬ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። እስካሁን ያሳፍረኛል።

መናኸሪያ ስንደርስ ግን ቀርቤ እጄን ዘረጋሁለት። የክፍላችን ልጆች ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። እነሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ተው፣ እያዩህ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።