ከመርከቡ የወረደው ጭነት

ክሬን ነጂው ሙያውን የተማረው ከባዕድ መሐንዲስ ነበር። የመሐንዲሱ አገር በአንድ ትውልድ ከድህነት ወጥታ ኃያል የሆነች ናት፤ ወደቡንም ያሠራችው እሷ ነች። "እኛም እንደናንተ በባዕድ ተገዝተናል፤ ጅራፍን እናውቀዋለን" ይለው ነበር መሐንዲሱ። የክሬን ነጂው አባት የድሮዎቹ ገዢዎች ጀርባውን የተለተሉት ሸካሚ ነበርና ቃሉ አንጀቱን በላው፤ ሰውየውን እንደ ወንድሙ ያየው ጀመር። እናቱ ግን "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" እያለች በመሐንዲሱ ትስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመርከቡ ሆድ ያነሳው ጭነት ሸራው ተገለጠና ብረት ለበስ መኪና ሆኖ ተገኘ። ክሬን ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ለምንድን ነው?"

"ለጥበቃ ነው። ከወደቡ ጎን ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሰፈራቸውን ለማስፋፊያው አንለቅም ብለዋል" አለ መሐንዲሱ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

"እናቴ እኮ እዚያ ናት!"

"አውቃለሁ። ቶሎ አውጣት።"

"የድሮዎቹም ለጥበቃ ነው ብለው ነው የገቡት።"

"እኛ እንደነሱ አይደለንም" አለ መሐንዲሱ፤ ወዲያውም ሌላ ሰው ክሬኑ ላይ እንዲወጣ በእጁ አመለከተ።

ክሬን ነጂው ሮጦ ሄዶ እናቱን አዝሎ አወጣት። ሰፈሩ በማግስቱ ፈረሰ። እሷም የተከራየላትን ክፍል ሳትለምደው ሞተች። ከባሏ ጎን ሊቀብራት ቢሄድ መቃብሩ የወደቡ አጥር ውስጥ ገብቷል፤ በሩ ላይ የቆመው ወታደርም በማያውቀው ቋንቋ ጮኾበት መለሰው።

መሐንዲሱ ሊያስተዛዝነው ቤቱ መጣ። ክሬን ነጂው ከመቀመጫው አልተነሳለትም።