ሰባተኛው ደረጃ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልከበረበትም። በካርቶን ላይ ስለተሳለ አንድ ጨዋታና በእሱ ምክንያት ስለዋሸሁት ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህን አራተኛውን እስከ መጨረሻው ከሰማችሁኝ፣ ይገባው እንደሆነ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

የቀሰቀሰው የሳጥን ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ የዶርሜ ልጅ ከቤተሰቦቿ የተላከላትን የጠረጴዛ ጨዋታ ከፈተች። ክዳኑ ሲነሳ የአዲስ ካርቶንና የቀለም ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ዳይሶቹ በብረቱ ሎከር ላይ ተንኳኩ። ሕጉን ልታነብልን ወረቀቱን ስትዘረጋ እኔ እቃዎቹን አየሁና ቀደምኳት። እንጨቱ እየተሰበሰበ በቤት ይለወጣል፤ እነዚህ ክቦች ቦታዎች ናቸው፣ ቀድሞ የደረሰ በሌላው ላይ ይዘጋዋል፤ ይህቺ ጥቁር ጠጠር ደግሞ ሰዓቱ ናት፣ ጫፍ ስትደርስ ጨዋታው ያልቃል አልኳት።

«ተጫውተሽው ታውቂያለሽ እንዴ?»

«በፍጹም።»

«ታዲያ ጠንቋይ ነሽ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን መቀመጥ አቃተኝና ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ጀሪካኔን ሞልቼም ወደ ክፍሉ አልተመለስኩም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት አባቴ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ያወርድ ነበር። አንድ መንገደኛ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ረስቶት የሄደ ሳጥን ወራት ቢያልፉም ጠያቂ አጣ። አለቃው «ለልጅህ ውሰድላት» አሉት። በውስጡ የእንጨት ቁርጥራጮች፣ ካርዶች፣ ሁለት ዳይስና ወፍራም መመሪያ ነበሩ። መመሪያው ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው።

ይዤው የሮጥኩት ወደ ጓደኛዬ ነው። በባሮ ወንዝ ወደ ታች የምትገኘው የማታር ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ከተማ አጎቷ ቤት ትኖር ነበር። የምንገናኘው የሰፈራችን ባለሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባለሱቁ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። መነጽራቸውን አድርገው መመሪያውን አገላበጡና መለሱልን።

«ይሄ የመድኃኒት ወረቀት ነው። ከምግብ በኋላ ይወሰዳል።»

ስለዚህ ሕጉን ከእቃዎቹ አወጣነው። ጓደኛዬ ቁርጥራጮቹን በየቀለማቸው ደረደረችና አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ይሄ ብዙ ነው። ይሄ ጥቂት ነው። ጥቂቱ ውድ ነው። ማታር ገበያም እንደዚህ ነው።» ከካርዶቹ በአንዱ ላይ ከሰልፍ ኋላ የቆመ ሰው ስጦታ ሲቀበል ተስሎ ነበር። እሱን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብን። ዳማ ላይ መሸነፍ የጀመረ እየተሸነፈ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ኋላ የቀረው ይረዳል። ያ የገባኝ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ሰው አስቦ እንደሚያስቀምጠው አላውቅም ነበር።

ከዚያ የራሳችንን ሠራን። በብስኩት ካርቶን ጀርባ ላይ ባሮን ሳልን፤ ከጋምቤላ ተነስቶ በኢታንግ በኩል ማታር ይደርሳል። ጀልባዎቹ ቆርኪ ናቸው፣ ጭነቱ ከወንዝ ዳር የለቀምነው ጠጠር። ሰዓቱን የፈጠረችው እሷ ናት። ወደ ባሮ የሚወርድ አሮጌ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ከታች እየዋጠው ይወጣል። ውሃው አንድ ደረጃ በዋጠ ቁጥር በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ሰዓት ያደረግነውን ቀይ ቆርኪ አንድ ምልክት ወደ ላይ እናስወጣለን። ሰባተኛውን ሲነካ ጨዋታው ያልቃል።

«ለምን ሰባት?» አልኳት።

«ትልቁ ጀልባ ወደ ማታር ያኔ ነው የሚነሳው። ከዚያ በፊት ከተጫነ አሸዋ ይይዘዋል። እኔም እሄዳለሁ። እናቴ ልትወልድ ነው፤ አጠገቧ መሆን አለብኝ።»

ይህን ስትናገር ጠጠር እየቆጠረች ነበር። እኔ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላረፍኩም። በየቀኑ ሕግ እቀይር ጀመር። መጀመሪያ የአሸዋ ካርድ ጨመርኩ። ቀጥሎ ኋላ ለቀረ የሚሆን ሕግ አመጣሁ፤ መሪው ማታር የሚገባው ሌሎቹ ሁሉ ኢታንግን ሲያልፉ ብቻ ነው። ፍትሐዊ ነው ብላ ተስማማች። እኔም ኢታንግ አጠገብ ስደርስ ዳይሱ ቢፈቅድም ጭነት ልጫን እያልኩ ወደ ኋላ እመለስ ነበር። ሦስተኛው ተጫዋች አባባ ናቸው፤ ስኳር እየመዘኑ በመስኮት ነበር የሚጫወቱት።

«አንቺ ልጅ፣ ኢታንግ በር ላይ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ቆርቆሮ ልሽጥልሽ?»

ጓደኛዬ ሳቀች። እኔ ፊቴ ነደደ።

ጠዋት ጠዋት የአጎቷን ልጆች ትጠብቅ ስለነበር፣ አጎቷም ከከተማ ውጭ እየሠራ እሑድ እሑድ ብቻ ስለሚመጣ፣ ደረጃውን የማየት ሥራ የኔ ሆነ። ቤታችን ለወንዙ ቅርብ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ እስኪቃረብ በታማኝነት ሠራሁ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ስወርድ ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና ግንድ እየገፋ፣ አምስተኛውን ደረጃ ሸፍኖታል። የልብስ አጣቢዎቹ ድንጋይ ጠፍቷል። የጭቃው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ ሱቁ ደረስኩ።

«ውሃ የት ደረሰ ዛሬ?» አለች ጓደኛዬ።

«አራት ላይ ነው።»

ቀዩን ቆርኪ አልነካችውም። በማግስቱም አራት አልኳት፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ አምስት አልኩ፤ ውሃው ግን ስድስትን አልፎ ነበር። ስዋሽ የሚታየኝ ቆርኪው ብቻ ነበር። እሷ ሻንጣዋን የምታዘጋጀው በኔ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን ከራሴ እደብቅ ነበር።

ጳጉሜን ሁለት ከሰዓት በኋላ አባባ ከወንዝ ዳር ዓሣ ገዝተው ተመለሱ። ለሁለታችንም «እንደምን ዋላችሁ» ካሉ በኋላ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ትጫወቻለሽ? ጀልባው ጭነት ጨርሷል፤ ነገ በጠዋት ይነሳል እኮ።»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀዩን ቆርኪ አነሳችና ኪሷ ከተተችው።

«ውሃው የት ነው?» አለች።

«ስድስትን አልፏል።»

«መቼ?»

ካርቶኑን ወደ አግዳሚው ሥር ገፋሁት። ተነስታ ሄደች። አባባ ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ ቀልድ አላመጡም፤ ሚዛኑን ብቻ ጠረጉት።

በማግስቱ ገና ጭጋጉ ሳይነሳ ደረጃው ላይ ጠበቅኳት። ከአጎቷ ሚስት ጋር ሻንጣ በጭንቅላቷ ይዛ መጣች። የጀልባው ሞተር እየጮኸ ነው፤ የጋዙ ሽታ ከጭቃው ጋር ተደባልቋል። ውሃው ሰባተኛውን እየላሰ ይመለሳል። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አንገቷን ነቀነቀችና ጎንበስ ብላ ቀዩን ቆርኪ እርጥቡ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚህ ነው» አለች። «አየሽ? እዚህ ነው።»

«ስለዚህ ማን አሸነፈ?» ያን ጊዜ የመጣልኝ ይሄ ብቻ ነው።

«አንቺ መጀመሪያ ኢታንግን እለፊ» አለችና ፈገግ ብላ ወደ ጀልባው ተሻገረች።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አልተመለሰችም። እናቷ ሴት ልጅ እንደ ወለዱና እሷም ለወሊዱ ደርሳ እንደ ነበር የሰማሁት ከአባባ ነው፤ ለእሳቸው የነገሯቸው የጀልባው ሰዎች ናቸው። እኔ ያን ጠዋት ጀልባው ከዓይኔ ሲጠፋ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ካርቶኑን ከአግዳሚው ሥር አወጣሁ። ባወጣሁት ሕግ መሠረት እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ሳለሁ እሷ ማታር መግባት አትችልም። ቆርኪዬን ይዤ፣ ዳይስ ሳልጥል፣ ኢታንግን አሳለፍኩት። ጨዋታው ያኔ አለቀ፤ ጳጉሜን ሦስት ቀን።