«ያሠሩት» እንጂ «የሠሩት» አይደሉም

መሪጌታ ልሳነወርቅ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቅዳሴ ተመልሰው ጋደም እንዳሉ በዚያው አሸለቡ። ለቀብሩ ላልደረሳችሁ፣ አዲ አርቃይም ሆነ ከዚያ ወዲያ ሆናችሁ መርዶው ለዘገየባችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ለቅሶው ላይ «ደግ ሰው ነበሩ» ሲባል ዋለ። ነበሩ፤ ማን ይክዳል? ግን ነገሩ በዚያ ብቻ ሲቀር ደሜ ፈላ። የኔታ ግትር ነበሩ! እግዜር ይመስገን፣ ግትር ነበሩ።

እኔ አራዳ ባለው ደጃች ግንብ አስጎብኚ ነኝ። ግንቡ መጀመሪያ የአንድ ደጃዝማች መኖሪያ ነበር። ጣሊያን ሲገባ መኮንኖቹን አሰፈረበት፤ ጣሊያን ሲወጣ የእህል መጋዘን ሆነ። ተጠርጎና ተጠግኖ የብር ጌጡ፣ ሽመናውና ሸክላው የሚታይበት ሙዚየም የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። መሪጌታ የሙዚየሙ ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ቁም ጽሕፈት የተማሩ ስለሆኑ በየዕቃው ፊት የሚቆመውን ካርድ በመቃ ብዕር የሚጽፉትም እሳቸው ነበሩ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጎብኚዎቼን ሰብስቤ «ይህን ግንብ የሠሩት ደጃዝማች…» ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ ከጥግ አንድ ድምፅ «እሜቴ! ደጃዝማቹ ኖራ ሲያቦኩ አይተሻል?» አለኝ። ጎብኚው ሁሉ ሳቀብኝ። «ያሠሩት በይ፣ ልጄ። የሠሩትማ ሌሎች ናቸው፤ ስማቸውን የጻፈላቸው ጠፋ እንጂ።» በዚያው ሳምንት ከሳቸው በፊት የተጻፉትን ካርዶች አንድ በአንድ እያነሡ «የ»ዋን በአንዲት ጭረት «ያ» አደረጓት። «ከግዕዝ ወደ ራብዕ ከፍ አደረግኋት፤ ሹመት ያዳብር በሏት» እያሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ እላቸዋለሁ።

ከዕቃዎቹ መካከል አንድ ትልቅ ጋን አለ። ካርዱ ላይ ያሠሩት እመቤት ስም ብቻ ነበር። እኔ ግን ማን እንደሠራው አውቃለሁ። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጠው እናቴ፣ ወይዘሮ አትጠገብ፣ እኔ ሳልወለድ ለእመቤቲቱ ልጅ ሠርግ የሠራችው ነው። አውቄ ዝም አልኩ። አገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭን ምን ብላ እንደምትጠራ ታውቁታላችሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ እናቴ ነጋዴ ናት ብዬ ነበር። አፈር ልብላ! እናቴን ካድኩ።

አንድ ቀን የኔታ ጋኑን እየወለወሉ «ይህን የጠፈጠፈች እጅ የማን ትሆን?» ሲሉ አላስቻለኝም፤ እንባዬ ቀደመኝና ሁሉንም ነገርኳቸው። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። «ምነው ታለቅሻለሽ? ስማቸውን ከነአባታቸው ንገሪኝና ቀለሙን አቀብዪኝ» አሉኝ።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዘው ወለቃ ሄዱ። እናቴን ነጠላዋን አስለብሰው አመጧትና፣ ለንግሥት እንደሚደረገው የአዳራሹን በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፈቱላት። እናቴ ጋኑን ዞረችው። ከእጀታው ሥር ባለው የአውራ ጣት ምልክት ላይ ጣቷን አሳርፋ «ወይ ጉድ! ያኔ ሸጋ ጣት ነበረኝ» አለች። ካርዱ ላይ «የሠሩት ወይዘሮ አትጠገብ» የሚለው ከላይ፣ ያሠሩት ደግሞ ከታች ተጽፏል።

ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእመቤቲቱ ዘመዶች ተቆጡ፤ የሙዚየሙም ኮሚቴ ተሰብስቦ መጣ። «የሸክላ ሠሪ ስም ከእመቤቲቱ ስም ጎን ይጻፋል?» አሉ ሰብሳቢው። የኔታ ጎንበስ ብለው፣ በትሕትና «ከጎን አይደለም ጌታዬ፤ ከላይ ነው። መነጽርዎን ቢያደርጉ ይታይዎታል» አሏቸው። ካርዱን ወሰዱት። የኔታ ሌላ ጻፉ። ያንንም ወሰዱት፤ የኔታ ደግመው ጻፉ። በመጨረሻ ከሥራ እንደሚባረሩ ነገሯቸው። «እሺ» አሉ የኔታ፣ ብዕራቸውን እየጠረጉ፤ «ብቻ ለኔም ካርድ ይጻፍልኝ። ያባረረኝና ያስባረረኝ ለየብቻ ይጻፉ።» ኮሚቴው ሳቁን መያዝ አቃተውና ተበተነ። ካርዱም ቆመ።

ቆመ ስል፣ እሳቸው እስኪያልፉ ነው። የተቀበሩ ለታ ማታ ከእመቤቲቱ ዘመዶች አንዱ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «እንግዲህ ሽማግሌውም ሄዱ፤ ያቺን ካርድ ብናስተካክላትስ?» አለኝ። የለቅሶ ቤት ነው ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እዚህ ግን አልነክስም፤ አትነካም!

የኔታ፣ ሳይሰሙት አይቅርና ልንገርዎት። ትናንት ካርዱን ሊያነሡ ሁለት ሰዎች መጡ። እናቴ ወሬውን ሰምታ ኖሮ ቀድማቸው፣ በርጩማዋን ከወለቃ ይዛ፣ ጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ነጋዴ ናት ያልኳቸውና እውነቱን ገና ያልነገርኳቸው ባልደረቦቼ ሁሉ ቆመው ያያሉ። «ማን ነዎት እናቴ?» አሏት። አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። «እናቴ ናት» አልኩ፤ «ሸክላ ሠሪዋ።» ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይረፉ፣ የኔታ። ሰዎቹ ነገም ይምጡ፤ እኛ እዚያው ነን።