ጌታሁን የበሳት የነፋስ መግቢያ

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ውዴ ለክፍሌ ማሞቂያ ገዛችልኝ። ውዴ የሟች እህቴ ልጅ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ማን ማንን እያሳደገ እንደሆነ አላውቅም። ቡሬ ላይ ቤት ስትሠራ፣ "እትዬ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም" ብላ ከፍኖተ ሰላም አመጣችኝ። ፍኖተ ሰላም ሞቅ ይላል፤ የቡሬ ክረምት ግን ጉልበት ይበላል። ጉልበቴን እያሸሁ ስነጫነጭ ሰምታ ነው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጋዝ ማሞቂያ ከባሕር ዳር ያስመጣችው። እኔ የጠየቅኳት ወፍራም ካልሲ ነበር።

ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ጥንቁቅ ሰው ነው። ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ክብ ሠራና፣ "እዚህ ጋ ለአየር መግቢያ እበሳለሁ፤ ይኼ ከሌለ እሳቱ ሰው ይጎዳል" አለ። ውዴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"አደራ፣ በደንብ አድርገህ ብሳው" አለችው። "እናቴን የገደላት አባቴ በደንብ ያልበሳው ቀዳዳ ነው።"

ይህን ስትል ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። ስለ ዝናብ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰዎች እንዲህ ሲሉ እየሰማች ነው የኖረችው፤ ሲሉ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የመሰርሰሪያው ድምፅ እዚያም ተከተለኝ።

ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ፍኖተ ሰላም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምቱ ታላቅ እህቴ የሺ ዘንድ ቡሬ ሄድኩ። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እናታችንም ልታርሳት ከገጠር መጥታለች። የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀርቅሮ ወርደን ገፋነው። ለአዲስ ዘመን መቀበያ እንዲሆነኝ የቆጠብኩት ነጭ ሸራ ጫማ ነጭነቱ ያበቃው ያን ዕለት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ለጤፍ ያርሳል፤ አፈሩ ይሸታል፤ እኔም ከመኪናው ላይ ሆኜ ዓለም ሁሉ ለኔ የተሠራች ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ዕድሜ ነው።

የየሺ ባል ጌታሁን የዱርቤቴ ሰው ነው። ቡሬ አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ መካኒክ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ እጁ ዘይት፣ አፉ ጨዋታ የማያጣ። የመጀመሪያ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ክረምት ተወልዶ በወሩ በብርድ ሳንባው ታሞ ሞቶባቸዋል። አሁንም የሺ የምትወልደው ሐምሌ ላይ መሆኑ ሲታወቅ ጌታሁን መላ ፍለጋ ገባ። ከሰል እንዳያነድ ከሰልን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። የካምፑ ዘበኛ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ ተኝቶ በዚያው ሲቀር ሬሳውን ያወጣው እሱ ነበርና። በኋላ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የነበረውን በቡታጋዝ የሚሠራ የግድግዳ ማሞቂያ ለጌታሁን ሰጠው። ጌታሁን ያን ዕለት ዕቃውን እንደ ሙሽራ አጅቦ ነው ያመጣው አሉ።

ሲገጥመው እኔ ደርሼ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀበት። ጭድ ያለበት ጭቃ ለእሳት አይታመንም ብሎ ማሞቂያው የሚሰቀልበትን ግድግዳ አፍርሶ በድንጋይ ሠራው፤ ላዩን ኖራ ቀባው። የጋዙን ሲሊንደር ከቤት ውጭ አቁሞ ዝናብ እንዳይመታው ቆርቆሮ አለበሰው። ቧንቧው በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባና ተንበርክኮ አፈጠጠ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፤ አንዷ ጋ ስለተነፋች ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ገጠመ። ለጢሱ መውጫ ቧንቧ አበጀ። በመጨረሻም ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ጡጫ የምታስገባ ቀዳዳ በሳ፤ አይጥ እንዳትገባም በውጭ በኩል ወንፊት ሽቦ መታባት።

ከዚያ ሦስታችንንም ጠራን። ክብሪት ለኩሶ ቀዳዳዋ አፍ ላይ ያዘ። ነበልባሉ ወደ ቤት ውስጥ ዘንበል አለ።

"አያችሁ፣ ይስባል። ቤቱ የሚተነፍሰው በዚህች ነው። በር ዝጉ፣ መስኮት ዝጉ፣ መጋረጃ ደርቡ። ይህችን ግን ቄስ ቢያዝዛችሁም አትድፈኑ።"

"አራስ ቤት ነፋስ መግቢያ ሲበጅለት ዛሬ ገና አየሁ" አለች እናቴ።

"እማማ፣ እሳቱም እንደ አራስ ነው፤ በልቶ ነው የሚያድር። ምግቡ አየር ነው። ካላገኘ የሰው ይቀማል" አላትና ወደኔ ዞረ። "አለም፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። አደራው ያንቺ ነው።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። በዚያው ዓመት የሳይንስ መምህራችን የበራ ሻማ በብርጭቆ ከድኖ ሲጠፋ አሳይቶናል፤ በፈተናም መጥቶ አግኝቼዋለሁ።

እኛ አገር አራስ ከበሽታ ይልቅ ከነፋስ ነው የምትጠበቀው። ገላዋ ክፍት ነው፤ ብርድ አንዴ ከገባባት እስከ ሽምግልናዋ አይወጣም ይባላል። መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ በሩ ላይ ጋቢ ይጋረዳል፣ የገባ ሰው በሩን ቶሎ ካልዘጋ ይቆጣሉ። ይህን የሚያደርጉት ክፉዎች ወይም ሞኞች አይደሉም፤ የሚወዷት ናቸው።

የሺ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉ የሚመጡት ጎረቤቶች ሙቀቱን ለምደው መነሳት እምቢ ይሉ ጀመር። ገንፎው በቅቤና በቡሬ በርበሬ ይገነፋል፤ ሕፃኗ ትፋፋለች፤ ጌታሁን ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ቀጥሎ ደግሞ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ ያያል። የሺ "ሦስተኛዋ አራስ" ትላት ነበር ቀዳዳዋን፤ መቼም ሳይጠይቃት አይውልም ብላ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። አንድ ቀን ጎርፍ መንገድ ሰብሮ ጌታሁን ከካምፑ ሰዎች ጋር ወጣ። ከቀትር በኋላ ከባድ በረዶ ወረደ። ነፋሱ ያን ዕለት የመጣው ቀዳዳዋ ባለችበት በኩል ነበር፤ እየተወረወረ ይገባል። እናቴ ሕፃኗን አጥባ ቅቤ ልትቀባት ወደ ማድ ቤት ይዛት ሄዳለች። እኔና የሺ ብቻ ነን።

"አለም፣ ከእግሬ ሥር ብርድ ገባ" አለችኝ። ጋቢውን ደረብኩላት። "አይደለም፣ ወገቤ ድረስ ተሰማኝ። እስቲ ያችን ነገር ወትፊልኝ።"

"ጋሼ አይደፈን ብለዋልኮ።"

"በረዶው እስኪያልፍ ነው የኔ እናት። ብርድ ከመታኝ ማን ሊያስታምመኝ ነው? አንቺ እንደሆንሽ መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርትሽ ነሽ።"

ሻማው ትዝ አላለኝም ብዬ ብምል ደስ ባለኝ። ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን ሻማው የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ የምትንቀጠቀጠው እህቴ ናት። ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ መቀነቴን ፈታሁ፤ ጠቅልዬ ቀዳዳዋ ውስጥ ወተፍኩት። ልክክ አለ። ነፋሱ ወዲያው ቆመ።

"አሁን ሰው ሆንኩ" አለች የሺ። ልተኛበት አለችኝ። በሩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን አስተካክዬ ወጣሁ።

ማድ ቤት ስገባ እናቴ ሕፃኗን እያሸች ነበር። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ተጯጩኸን ነው የምናወራው። ሕፃኗን አቀፍኳት፤ ቅቤ ቅቤ ትሸታለች፤ ጭኔ ላይ ተኛች። እናቴ ገንፎውን ስታማስል እኔ የልጅቷን ጣቶች ስቆጥር ቆየሁ። በረዶው ያቆመበትን ጊዜ አላወቅኩም። በረዶው ሲያቆም እነሳለሁ ብዬ ነበር፤ ዝምታውን ግን ጆሮዬ አልሰማውም። ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ አላስረዳሁትም።

ገንፎውን ይዤ ስገባ ሰማያዊው እሳት ቢጫ ሆኖ ይርገበገብ ነበር። ክፍሉ ከበደኝ፤ ራሴን አዞረኝ። የሺ በጎኗ ተኝታለች። ጉንጮቿ ቀልተው ነበር፤ እንደዚያ አምሮባት አይቻት አላውቅም፤ እንዴት ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። "እትዬ" አልኳት። ትከሻዋን ነካሁ። ከዚያ ገባኝ።

በዚህ ዕድሜዬ የምዋሸው ነገር የለኝም። መጀመሪያ አልጮኽኩም። በሩንም አልከፈትኩም፤ እህቴንም ወደ አየር አልጎተትኳትም። መጀመሪያ ያደረግኩት ተንበርክኬ መቀነቴን መሳብ ነው። ወገቤ ላይ አሰርኩት፤ ከዚያ ጮኽኩ። እጄ ከጩኸቴ ቀደመ። ያን ጊዜ ብጎትታት ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። የተጠራው ነርስ ሲደርስ ካረፈች ቆይታለች አለ፤ ምን ያህል እንደቆየች ግን አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ጌታሁን በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሬሳው ላይ ወድቆ ከቆየ በኋላ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። እጁን ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብቶ ዳሰሰ፤ ምንም የለም። ክብሪት ለኮሰ፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ዘንበል አለ። ሌላ ለኮሰ። ለቀስተኛው ያየዋል። ክብሪቱ አልቆ ባዶ ቀፎ ይዞ፣ "ይስባልኮ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ ወገቤን በዚያው መቀነት ታጥቄ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ሰው "የፈረንጅ እሳት በላት" አለ። ቀጥሎ "ጌታሁን አላወቀበትም" አለ። ቀጥሎ ጌታሁን ራሱ መቃብሩ ላይ "እኔ ነኝ የገደልኳት" ሲል፣ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

በሣልስቱ ማግስት እናቴ ልብስ ልታጥብ መቀነቴን ተቀበለችኝ። ጫፉን ዘርግታ አየችው። ኖራ ነክቶት ነበር፣ ከግድግዳው። ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

"እማየ..." አልኩ።

"ዝም በይ" አለችኝ። "አንዷን ቀብሬያለሁ።"

አጠበችው፣ አሰጣችው፤ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ጌታሁን ማሞቂያውን ነቅሎ ጣለው፤ ሕፃኗን ለእኔና ለእናቴ ሰጥቶ ሌላ ካምፕ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ እንኳ ሌላ ሰው ጠርቶ "እስቲ እይልኝ" ይል ነበር ብለው የሥራ ጓደኞቹ ነግረውናል። ልጁን ለማየት በዓመት አንዴ ለፋሲካ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከኪሱ ሲባጎ አወጣ። የቀዳዳዋን ስፋት ለክቶ ቋጠሮ አድርጎበታል።

"አለም፣ ጠቦ ይሆን?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።"

"ሁለት መብሳት ነበረብኝ" አለና ሲባጎውን አጣጥፎ መልሶ ከተተው። በየዓመቱ ጠየቀኝ። በየዓመቱም ያንኑ መለስኩ።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ "ለሰውየውም ንገሪው" አሉኝ። ስግደቱን ሰገድኩ፤ ጾሙን ጾምኩ። በዓመቱ ሲጠይቁኝ አልነገርኩትም አልኳቸው። "ለእግዚአብሔር የሰገድሽው ለሰውየው አይደርሰውም" አሉኝ። ውዴ ትደግ አልኩ፤ ከዚያ ትዳር ትያዝ አልኩ፤ ከዚያ እሱ ታሟል፣ ይዳን አልኩ። አልዳነም። ውዴ "እኔ አባት የለኝም" ብላ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። እኔ ዱርቤቴ ሄጄ አለቀስኩ፤ ሰዎቹም እንዲህ ያለች ዋርሳ፣ ለእህቷ ባል እንዲህ የምታለቅስ፣ አይተን አናውቅም ብለው አመሰገኑኝ። መምህርት ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የሻማውን ትምህርት ሁልጊዜ ለባልደረባዬ እሰጥ ነበር። ጉሮሮዬን ያመኛል እላለሁ።

ያን ዕለት ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ውዴን ጠራኋት። "ቁጭ በይ" አልኳት። ከመቀነቱ እስከ ሲባጎው አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"አባቴ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

ተነስታ ወጣች። በማግስቱ ጥቁር ለብሳ በሚኒባስ ወደ ዱርቤቴ ሄደች። አብሬሽ ልሂድ አላልኳትም። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፤ ዓይኗ አብጧል። ሰላም ሳትለኝ በቀጥታ ወደ ክፍሌ ገብታ ተንበረከከች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ በተበሳው ቀዳዳ ፊት ይዛ ቆየች።

"ይስባል" አለች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ታደርጋለች። ምግቤን ታመጣለች፤ እትዬ ትለኛለች፤ ጉልበቴ እንዴት እንደዋለ ትጠይቃለች። እንደ ድሮው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግን አታወራኝም። ትንበረከካለች፣ ነፋሱን በእጇ ታያለች፣ ትሄዳለች። አባቷም እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ አንድ ቀን ብትቀመጥ ይህን እነግራት ነበር።

አሁን ውጭ በረዶ እየጣለ ነው። ማሞቂያው ይነዳል፤ እሳቱ ሰማያዊ ነው። ነፋሱ በቀዳዳዋ እየገባ እግሬን ያገኘኛል፤ ካልሲውም አልበቃው አለ። ነጠላዬ እጄ ላይ ናት።

ይብረደኝ።