ጋሼ ሙዓዊያና የአባታቸው ስም

ጋሼ ሙዓዊያ እግዚአብሔርም አላህም የለም ይላሉ። ይህን የሚሉት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚከፋው ሰው እንዳይኖር ዙሪያቸውን አይተው ነው። እኔ ሄኖክ እባላለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ቀበሌ መታወቂያ እሠራለሁ። የታሪኩን ግማሽ ከራሳቸው ሰምቻለሁ፤ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ኋላ ጥፋቱ ወደ እኔ ይመጣል።

ሰባ ዓመታቸው ነው። በዚህ ቆላ እሳቸው ያልሰበሰቡት ሰው የለም። ሽንኩርት ጫኞቹን ሦስት ጊዜ አደራጅተዋል፤ ሦስቴም ተበትነዋል። ባጃጅ ነጂዎቹን ለአድማ አስነሥተው አድማው እስከ ምሳ ሰዓት ቆይቷል። የጸናላቸው የመስኖ ውሃ ተራው ብቻ ነው፤ እሱም የጸናው ከእሳቸው ጋር ስብሰባ ከመቀመጥ ተራ መጠበቅ ስለሚቀል ነው። ስብሰባቸው ያለ ሂስና ግለሂስ አይዘጋም። አንድ ጊዜ ምንም ያልተናገረ ገበሬ ተነሥቶ ዝምታውን እንዲገመግም ጠይቀውታል።

ሲወለዱ ሙዓዊያ አልነበሩም። ወልደማርያም ጎሹ ይባሉ ነበር፤ የጣርማ በር ልጅ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ማርክስን አነበቡ፣ ከዚያ ድርጅታቸው ቆላ ወርደው የእርሻ ሠራተኛውን እንዲያደራጁ በስልሳ ዘጠኝ ላካቸው። ጀውሃ አጠገብ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እጃቸው ለስላሳ ስለነበር ሠራተኛው በሁለተኛው ቀን ማንነታቸውን አወቀ፤ በሦስተኛው ቀን መዳፋቸውን የሚጠቀልሉበት ጨርቅ ሰጣቸው። እሳቸው ስለ ላብ አደሩ ሥልጣን ሲያስረዱ ሠራተኞቹ የወባ መድኃኒት አለህ ወይ ይሏቸው ነበር። አልነበራቸውም። በዓመቱ ራሳቸውም በወባ ተይዘው የሼህ አብዱልመሊክ ማሽላ ውስጥ ወደቁ።

ሼህ አብዱልመሊክ ገበሬ ነበሩ፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው ከዳኛ ፍርድ የሚከበር ሽማግሌ። ወጣቱን አንሥተው ቤታቸው አስተኙት። ወቅቱ የቀይ ሽብር ነበርና በሳምንቱ አብዮት ጥበቃዎች ከተሜ ተማሪ ሊፈልጉ መጡ፤ መደብ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ሰው አገኙ።

«ይኼ ማነው?»

«ልጄ ነው፤ ሙዓዊያ።»

«ከናፊሳ ሌላ ልጅ እንዳለህ አናውቅም። ማል።»

ናፊሳ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነው፤ በር ላይ ቆማለች። ሼህ አብዱልመሊክ ቁርአናቸውን ያዙና «ወላሂ ልጄ ነው» አሉ። ሰዎቹ ሄዱ።

በማግስቱ ጎረቤት ስለ ድንበር ተጣልቶ ሼሁን ለሽምግልና ቢጠራቸው አልሄድም አሉ። «በሐሰት የማለ ሰው አይሸመግልም» ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ጋሼ ሙዓዊያ ከወባው ተነሥተው ይህን ሲሰሙ መሐላ ያረጀ ሥርዓት ትርፍ መሆኑን በሦስት ነጥብ አስረዷቸው። ሼሁ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«አንተ ስለማትፈራው ነው ልጄ» አሉ። «እኔ እፈራዋለሁ።»

ድርጅቱ ሽሽ የሚል መልእክት ልኮ ነበር። ጋሼ ሙዓዊያ ሦስት ቀን አሰቡ። ቃል ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊለወጥ የሚችለው እውነታው ብቻ ነው ብለው ደመደሙ። አልሸሹም፤ ልጅ ሆኑ።

ልጅነቱንም እንደ ድርጅት ሥራ ያዙት። አረሙ፣ ውሃ መለሱ፣ ሼሁ ሲታመሙ አዝለው ሐኪም ቤት ወሰዱ። ረመዳንን ይጾማሉ፤ ለምን ሲባሉ «ዲሲፕሊን ነው» ይላሉ። ናፊሳ ስትዳር ወንድም ሆነው ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሳምንት ሼህ አብዱልመሊክ ዘጠኝ ዓመት ወዳልረገጡት የዕርቅ ዛፍ ሥር ሄዱና እንደ ድሮው ለሽምግልና ተቀመጡ። ለምን ተመለሱ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ጋሼ ሙዓዊያ እዚያው አግብተው ወለዱ፤ ሼሁ ሲሞቱ የቀበሯቸውም እሳቸው ናቸው።

ጣርማ በር ላይ ግን ሌላ አባት ነበሩ። አቶ ጎሹ ልጃቸው የተገደለ መስሏቸው ተዝካሩን ደግሰው፣ እሳቸውም ሞቱ። መንግሥት ሲለወጥ ጋሼ ሙዓዊያ ወደ ደጋ ወጡ። ታላቅ እህታቸው እትዬ ደብሪቱ መጀመሪያ በጥፊ መቷቸው፤ ቀጥለው አንገታቸውን አቅፈው እስኪመሽ አልለቀቋቸውም። እትዬ ደብሪቱ አልወለዱም።

«እኔ ስሞት ጎሹ የሚባል ስም ይጠፋል። ልጆችህም የሰው አያት ይዘው ቀሩ። ስምህን መልስ» ይሏቸዋል በየዓመቱ።

«ይታሰብበታል» ይላሉ ጋሼ ሙዓዊያ። ሠላሳ አራት ዓመት ታስቦበታል።

ዘንድሮ የጋሼ ሙዓዊያ መታወቂያ ከሸሚዛቸው ኪስ መስኖ ውስጥ ወደቀና ውሃ በላው። የድሮ መዝገባችን በእጃችን የለም፤ ለምን እንደሌለ አልናገርም። እትዬ ደብሪቱ ይህን ሰምተው የወንድማቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው በሚኒባስ ወረዱ። ከጀውሃ ደግሞ እትዬ ናፊሳ መጡ፤ ምንም አልያዙም። ሁለቱ እህቶች ጋሼ ሙዓዊያን መሐል አድርገው ፊቴ ተቀመጡ።

«ሙሉ ስም?» አልኩ።

ጋሼ ሙዓዊያ መጀመሪያ ግራቸውን፣ ቀጥለው ቀኛቸውን አዩ። እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ ወልደማርያም ጎሹ ይላል። በዚያ ወረቀት ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

«ሙዓዊያ አብዱልመሊክ» አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ደብሪቱ ወረቀቱን መልሰው አጣጠፉት። ቀስ ብለው ነው ያጣጠፉት። ማየት አልቻልኩም፤ ማህተም የምፈልግ መሰልኩ።

በዚህ ስም ሰነድ ስለሌላቸው ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩም የአባትየውን ስም በመሐላ ያረጋግጣል። እትዬ ናፊሳ ተነሡ።

«ምናቸው ነዎት?»

«እህቱ ነኛ!»

«መመሪያው የዘመድ ምስክር አይቀበልም።»

ተራ የሚጠብቀውን ሰው ጠየቅሁ። ግማሹ እሳቸው ያደራጁት ነው። ለአድማ አብሯቸው የወጣው ባጃጅ ነጂ ሙጂብ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ደሜን ጠይቁኝ እሰጣለሁ። ወላሂ ማለትን ግን እፈራለሁ» አለ። ሌሎቹም መሬት መሬት አዩ። ከሼሁ እንዳልተወለዱ የማያውቅ የለም።

እትዬ ደብሪቱ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ እምላለሁ።»

እርስዎም እህት ነዎት ልል አፌን ከፈትኩና ፎርሙን አየሁ። ፎርሙ ላይ ባዕድ ናቸው።

«እትዬ፣ ተይ» አሉ ጋሼ ሙዓዊያ።

«ዝም በል። ጎሹ የሚፈልገው ልጁ በሕይወት እንዲኖር ነበር። በሕይወት ያቆየልን ያ ሰውዬ ነው።»

ከመሳቢያዬ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣሁላቸው። እጃቸውን ጫኑበት።

«የአብዱልመሊክ ልጅ ነው።»

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ልዘለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ታትሟል። «ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ጋሼ ሙዓዊያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን የምጽፈው አለቃዬ ማንበብ እንደማይወድ ስለማውቅ ነው።

የእትዬ ደብሪቱ የነፍስ አባት ስለ ሐሰት መሐላው በቀን አርባ ስግደት ለአርባ ቀን አዘዟቸው። ጉልበታቸው ታማሚ ነው። ጋሼ ሙዓዊያ ሽቅብ ጣርማ በር ወጥተው እዚያው ሰነበቱ፤ ማለዳ ማለዳ ከጎናቸው ሆነው ሃያውን በእሳቸው ፈንታ ይሰግዳሉ። ስልክ ደውዬ «ለማን ነው የሚሰግዱት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለእትዬ ጉልበት» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

የመስኖው ስብሰባ ለአርባ ቀን ተላልፏል።