ፕላስቲክ እግሬን ያጠብኩበት ቀን

በሽታዬን ያወቅሁት ባለማመሙ ነው። ኮምቦልቻ ፈትል ፋብሪካ ውስጥ በማሽኖች መሀል ስመላለስ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ቀኝ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል። ጫማው ውስጥ ሚስማር ነበር። ቀኑን ሙሉ ረግጬዋለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ለካ ስኳር ነበረብኝ፤ በሽታው የእግር ነርቭ ሲጎዳ እንዲህ ያደርጋል፤ ሐኪሞቹ ኒውሮፓቲ ይሉታል። እኔ ደግሞ ብሎብኝ «አልሐምዱሊላህ፣ አያምም» ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬው ሥራ ገባሁ።

ቁስሉ ጠቆረ። ሸተተ። ባሌ ሰይድ ደሴ ሆስፒታል ይዞኝ ወጣ።

«እትዬ ዘሃራ፣ እግሩን ካላነሳነው እርስዎን እናጣለን» አለኝ ሐኪሙ።

ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ። ያን ቀን አላለቀስኩም። ያለቀስኩት በኋላ ነው፣ የሌለው ጣቴ ሲያሳክከኝ።

የፋብሪካው አለቃዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ «ምርኩዝ ሳትይዢ በማሽኖቹ መሀል መሄድ ከቻልሽ ቦታሽ ይጠብቅሻል» አለኝ። የተበጠሰ ክር የሚቀጠለው በሁለት እጅ ነው፤ ምርኩዝ የያዘ እጅ አይሆንም። ተቀምጬ መጦር ደግሞ ሞቴ ነው።

ሰው ሠራሹን እግር ሲሰጡኝ ጠላሁት። «ይሄ ግንድ» እያልኩ ጥግ ላይ አቆምኩት። ስረግጥበት ከሥሬ መሬት ያለ አይመስለኝም ነበር። መራመድ የምታለማምደኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ ልጅ ብትሆንም ምላሷ ስል ነው፣ አንድ ቀን ያዘችኝ።

«ሽሮ ሲያማስሉ ከሥር መያዙን በምን ያውቃሉ?»

«በማማሰያው ጫፍ ነዋ።»

«ማማሰያው ነርቭ አለው እንዴ?»

«የሚሰማው መዳፍዎ ነው» አለችኝ፤ «አንጎልዎ ግን ማማሰያውን ከእጅዎ ቆጥሮት ጫፉ ላይ ያነበዋል። ይሄንንም እግር ይቆጥረዋል፤ ጥግ ካላቆሙት።»

ከዚያ በኋላ ቆዳዬ የቻለውን ያህል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ እግሩን ማድረግ ጀመርኩ፤ ግድግዳ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የረገጥኩት ሲሚንቶ ይሁን ጠጠር ወይስ ምንጣፍ እገምታለሁ፣ ሰይድ ደግሞ «ምንጣፉን ጠጠር አልሽው» እያለ ይስቅብኛል፤ ውሎ ሲያድር ግን የሚስቅበት አጣ።

አንድ ቀን ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ እጄን፣ ፊቴን፣ ራሴን ጨርሼ እንደ ልማዴ ቀኝ እግሬን ማጠብ ያዝኩ። ተረከዙን አሸሁ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ትንሿን ጣቴን በእግሬ ጣቶች መሀል ላስገባ ስል አልገባ አለኝ፤ ጣቶቹ የተያያዙ ናቸው፣ ፕላስቲክ ናቸዋ! ሰይድ ከደጅ ሆኖ አይቶኛል። «አጥበሽ ስትጨርሺ ጥፍሩንም ቁረጪለት» አለኝ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። የሥጋ እግሬ ሚስማር ላይ ቆሞ ዝም አለኝ፤ ይሄኛው ግን የእኔ ሆኖ ሊታጠብ መጣ።

ዛሬ ማሽኖቼ ዘንድ ተመልሻለሁ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ቀኝ ተረከዜ ላይ ይሰማኛል፤ አንዱ ማሽን ሲቆም ዞሬ ሳላይ አውቃለሁ። ሁለቱም እጄ ክር ላይ ነው።

ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ያላመማችሁን ቁስል አትመኑት፤ እግራችሁን በየቀኑ እዩ፣ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታድርጉ። እግር ያጣችሁም አዲሱን ጥግ አታቁሙት። ለደሴ ሐኪሞቼ፣ ለዚያች ምላሰ ስል ልጅ፣ ለሰይድ አላህ ኸይራቸውን ይክፈላቸው።

እኔ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን አራግፋለሁ፣ ሚስማር እንዳይኖር። ግራውንም፣ ቀኙንም። ሰይድ «የቀኙ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» ይለኛል።

«ይወጋኛላ» እለዋለሁ።