ስገድበት እስቲ

ለኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራተኞች ቱታ የመስፋት ሥራ ካላገኘሁ፣ ደሴ ፒያሳ ያለችው የልብስ ስፌት ቤቴ መዘጋቷ ነበር። ሰልባጁ ገበያዬን ድራሹን አጥፍቶታል። ለናሙና የሰፋሁትን ቱታ ፋብሪካው በቀጠረኝ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማድረስ ነበረብኝ።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ቱታውን ለብሼ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ፣ "ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ!" አለ። ባለሻይ ቤቷማ ሙሽራ መሰልክ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ደረቴን ነፍቼ፣ ስፌት ወዳስተማሩኝ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ወላሂ፣ ምክር ፍለጋ አልነበረም፤ ምርቃት እንዲጨመርልኝ ነው።

ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መቀስ አይዙም። ትከሻዬን ዳሰሱ፣ ብብቴን ዳሰሱ።

"እንዴት ነው፣ አባባ?"

"ስገድበት እስቲ።"

"ምን አሉኝ?"

"እንደ ሰላት ጎንበስ በል።"

ግንባሬ መሬት ሳይነካ መቀመጫው ቷ ብሎ ተተረተረ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

"ሰው ሁሉ ወዶታል እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

"ቆመህ ነዋ ያዩህ! ሠራተኛ ቆሞ ይውላል? ለጨርቅ ሰስተሃል። ብትቆጣም ተቆጣ፤ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።"

ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። እያጉረመረምኩ ስፌት ቤቴ ተመልሼ የሰሰትኩትን ጨርቅ አወጣሁና ጀርባውንና መቀመጫውን እንደ አዲስ ቆርጬ ሰፋሁ። በጥድፊያ ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ወደ ኮምቦልቻ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላህ ይወቅ።

የፋብሪካው ኃላፊ ስፌቱን እንኳ አላየችም። አንዱን ጫኝ ጠርታ፣ "ልበስና ይቺን ጆንያ አንሳ" አለችው። መጀመሪያ የለበሰው፣ ከእኔ በፊት የቀረበ ሌላ ልብስ ሰፊ ያመጣው ቱታ፣ ብብቱ ላይ ተቀደደ። የእኔ ተራ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው ጎንበስ አለ፣ አነሳ፣ ተሸከመ። ምንም ድምፅ የለም።

"ኪሱ ግን ጠቦኛል" አለ።

ጠዋት ቢሆን እጣላው ነበር። ጠመኔዬን አውጥቼ፣ "የት ድረስ ላስፋው፣ ወንድሜ?" አልኩት። ኃላፊዋ ኪሱን አስተካክለህ ሥራውን ጀምር አለችኝ።

ቱታውን ለብሼ በቀጥታ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ጉልበታቸው ላይ ስደፋ ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ፤ "አሁን አልተቀደደም።"